የሞተር ሥራ ጀማሪዎች



በየጧቱ ወደ መሥሪያ ቤታችን የሚያደርሰን አውቶሞቢል ከክዳኑ ሥር ምን እንደ ያዘ ጠይቀን የምናውቅ ሰዎች ጥቂቶች ነን። ሲነሣ እንሳፈርበታለን፤ ሲቆም መካኒክ እናስጠራለን። መካኒኩም ክዳኑን ገልጦ፥ እጁን በዘይት አጥቁሮ፥ ያረጀውን ዕቃ አውጥቶ በአዲስ ሲተካ ከአጠገቡ ቆመን እናያለን፤ ዋጋውን ከፍለንም ወደ ጉዳያችን እንሄዳለን። ነገር ግን «ይህን አዲስ ዕቃ የሠራው ሰው ሥራውን ከማን ተማረ? ያስተማረውስ ሰው ከማን ተማረ?» እያልን ወደ ኋላ ብንቈጥር፥ በመጨረሻ ከአንድ ጀማሪ ዘንድ መድረሳችን አይቀርም። ይኸውም ሞተር ሠርቶ የማያውቅ፥ የሚያስተምረውም ያላገኘ፥ ነገር ግን ልሥራ ብሎ የተነሣ ሰው ነው። የዛሬው ንግግራችን ስለ እንደዚህ ያሉ ጀማሪዎች ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት፥ የኢትዮጵያ መሆናቸውን ካላመለከትን በቀር፥ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የሞተርን ታሪክ የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚያስደንቀው ነገር፥ ከቀደምቶቹ ሠሪዎች መካከል ለዚህ ሥራ ያልተማሩ ሰዎች መገኘታቸው ነው። ባለ አራት ምቱን ሞተር በ1876 ለሥራ ያበቃው ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ፥ በወጣትነቱ እንደ ሻይና እንደ ስኳር ያለ ሸቀጥ ከከተማ ወደ ከተማ እየዞረ የሚያሻሽጥ የንግድ ሰው ነበር። በ1862 ግድም የሞከረው የመጀመሪያው ባለ አራት ምት ሞተር ጥቂት ሠርቶ ተሰባበረ። ከዚያ ስብራት እስከ ተሳካው ሞተር ድረስ 14 ዓመታት አለፉ። አሜሪካዊው ሄንሪ ፎርድም በዲትሮይት ከተማ በመብራት ኩባንያ ውስጥ ተቀጥሮ ሲሠራ፥ በ1893 በገና ዋዜማ ማታ፥ ከጋዝ ቧንቧ ቍራጭ ያበጃትን ትንሽ ሞተር በቤቱ ማድቤት በዕቃ ማጠቢያው ላይ አስሮ ሞከራት። ባለቤቱ ክላራ ቤንዚኑን ጠብ እያደረገች ስትሰጣት ሞተሪቱ ተነሣች። ይሁን እንጂ ፎርድ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል በመንገድ ላይ የነዳው ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ተኵል ያህል ቈይቶ በ1896 ነው።

ነገር ግን ኦቶና ፎርድ የተነሡት የብረት ሥራ በተስፋፋባቸው አገሮች ነው። የሚፈልጉትን ብረት የሚያቀልጥ፥ የሚፈልጉትንም ዘንግ በቶርኖ የሚያስተካክል ሰው በየሰፈራቸው ነበረ። ከዚህ ይበልጥ የሚያስተምረን ዘግይቶ የመጣው ጀማሪ ነው፤ ማለትም ሌሎች ጀምረው ባደራጁት፥ ገበያውንም በያዙት ሥራ ላይ የደረሰው ጀማሪ። ለዚህ ከጃፓን የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። ከጃፓንም ሁለት ሰዎችን እንመርጣለን፤ አንደኛው በዩኒቨርሲቲ የተማረ፥ ሁለተኛው ከአንጥረኛ አባት ተወልዶ በጋራዥ ያደገ ነው።

ታሪኩን ለመከተል እንዲቀለን ሞተር ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንመልከት። ሞተር ቤንዚንን አቃጥሎ ግፊቱን ወደ ዙረት የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ብሎክ በሚባለው ትልቅ ብረት ውስጥ ሲሊንደር የሚባሉ ክብ ጕድጓዶች አሉ፤ በእያንዳንዱም ውስጥ አንድ ፒስቶን ይመላለሳል። ፒስቶኑ መጀመሪያ ሲወርድ የቤንዚንና የአየር ድብልቅ ይስባል፤ ሲወጣ ድብልቁን ያምቃል፤ በዚያን ጊዜ ካንዴላው ብልጭታ ሰጥቶ ሲያቃጥለው ፒስቶኑ በኃይል ተገፍቶ ይወርዳል፤ እንደ ገና ሲወጣ ጢሱን ያስወጣል። አራቱ ምቶች እነዚህ ናቸው፤ ኃይል የሚሰጠውም አንዱ ብቻ ነው። የፒስቶኑን መውጣትና መውረድ ወደ ዙረት የሚለውጠው፥ የጋራዥ ሠራተኞቻችን ኮሎ የሚሉት ዘንግ ነው። ኮሎው በደቂቃ 3000 ጊዜ ሲዞር፥ እያንዳንዱ ፒስቶን በአንድ ሴኮንድ 50 ጊዜ ወጥቶ ይወርዳል።

ይህን በቃል ማስረዳት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ሥዕሉንም ማንኛውም ተማሪ በጥቍር ሰሌዳ ላይ ሊሥለው ይችላል። ችግሩ የሚጀምረው ሥዕሉን ወደ ብረት ለመለወጥ በተነሣን ጊዜ ነው።

በሴፕቴምበር 1923 ታላቅ የመሬት መናወጥ ቶኪዮንና ዮኮሃማን አፈራረሰ። የትራሙ ሐዲድ ስለ ተበላሸ የቶኪዮ ከተማ ሕዝቡን የሚያመላልስበት አጥቶ ከአሜሪካ የፎርድ መኪናዎችን አስመጣ። ከዚያም ወዲህ በጃፓን የአውቶሞቢል ፈላጊ በዛ። ፎርድ በ1925 በዮኮሃማ፥ ጄኔራል ሞተርስ በ1927 በኦሳካ የመገጣጠሚያ ፋብሪካ አቋቋሙ። ዕቃው ከአሜሪካ ተነጣጥሎ ይመጣል፤ የጃፓን ሠራተኛ ይገጣጥመዋል። አስቀድሞ አውቶሞቢል ለመሥራት የሞከሩ ጃፓናውያን ነበሩ፤ ነገር ግን በብዛት ከሚሠራው የአሜሪካ መኪና ዋጋ ፊት መቆም አስቸገራቸው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መገጣጠም ጥቅም የሌለው ሥራ አይደለም፤ ገጣጣሚው ብሎን ማጥበቅን፥ ቅደም ተከተልንና ጥንቃቄን ይማራል። ብረቱ እንዴት እንደ ቀለጠ፥ ስለ ምንም እንደ ጠነከረ ግን አይማርም። ያ ዕውቀት ዕቃውን ከላከው ፋብሪካ ዘንድ ይቀራል።

በዚያ ዘመን ሳኪቺ ቶዮዳ የሚባል የአናጢ ልጅ የሽመና መኪና በመፍጠር በጃፓን ስመ ጥር ሆኖ ነበር። ልጁ ኪኢቺሮ ቶዮዳ በ1894 ተወልዶ፥ በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የመካኒክ ምሕንድስና ተምሮ፥ በ1920 ተመረቀ። አባትና ልጅ በ1924 ሥራውን ሳያቆም የማግ መወርወሪያውን ራሱ የሚለውጥ አውቶማቲክ የሽመና መኪና ለሥራ አበቁ፤ በ1926ም ይህን መኪና የሚሠራ ፋብሪካ በካሪያ ከተማ ተቋቋመ። በ1929 መጨረሻ ፕላት ብራዘርስ የተባለው ስመ ጥር የእንግሊዝ የሽመና መኪና ፋብሪካ የፈጠራውን መብት በ100,000 ፓውንድ ለመግዛት ተዋዋለ። የሽመናን መኪና ለዓለም ያስተማረችው እንግሊዝ ከትናንት ተማሪዋ ዘንድ ገዢ ሆና መጣች ማለት ነው።

ኪኢቺሮ ለዚህ ውል ባሕር ተሻግሮ ሳለ በአሜሪካና በአውሮፓ መንገዶች ላይ የአውቶሞቢሉን ብዛት አየ። አገሩ እንደ ተመለሰም ወደ ፊት የሚሠራው ሞተር መሆኑን ቈረጠ። ልብ ማለት የሚገባን ግን እንዴት እንደ ጀመረ ነው። ገንዘብ ለምኖ ትልቅ ፋብሪካ አልሠራም። በ1930 በሽመናው ፋብሪካ አንድ ማዕዘን ጥቂት ሰዎችን ሰብስቦ፥ ስሚዝ የምትባለውንና በብስክሌት ላይ የምትታሰረውን ትንሽ የአሜሪካ ሞተር አስፈታ። ክፍሎቿን አስለክቶ፥ ሥዕሏን አሥሎ፥ እርሷን የመሰለች ሞተር ማሠራት ጀመረ። አንዲት ትንሽ ሞተር ከትልቁ ጋር አንድ ዓይነት ሕግ አላት፤ የምታጠፋው ብረት ግን ጥቂት ነው። ጀማሪ ሲሳሳት በትንሽ ነገር ላይ ቢሳሳት ይሻለዋል።

በሴፕቴምበር 1933 በፋብሪካው ውስጥ የአውቶሞቢል ክፍል ተከፈተ። ወዲያውም በዚያው ዓመት የተሠራ አንድ ሸቭሮሌት ገዝተው እስከ መጨረሻው ብሎን ፈቱት። ሞተሩ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነበር። እያንዳንዱን ክፍል ለክተው፥ መዝነው፥ በወረቀት ላይ አሠፈሩት። እንግዲህ ይህን የሚሰማ ሰው «ከዚህ በኋላ የቀረው መቅዳት ብቻ ነው» ይል ይሆናል። ስሕተቱም እዚህ ላይ ነው። የተፈታ ሞተር ቅርጹን ያሳያል፤ ልኩን ይናገራል፤ አሠራሩን ግን ይደብቃል። የበሰለ ወጥ ቀምሶ ምን ምን እንደ ገባበት መገመት ይቻላል፤ ቅመሙ በስንት እሳት እንደ ታሸ፥ መቼም እንደ ተጨመረ ግን ድስቱ አይናገርም።

ከሁሉ ያስጨነቃቸው ብሎኩ ነበር። የሞተር ብሎክ ድፍን ብረት አይደለም። ሲሊንደሮቹ እንዳይግሉ ዙሪያቸውን ውኃ የሚመላለስበት ጠመዝማዛ ባዶ መንገድ ያስፈልጋል። የቀለጠ ብረት ሲፈስ ይህን ባዶ ቦታ ጠብቆ የሚያቈይ፥ ከአሸዋና ከዘይት ተቦክቶ በምድጃ የደረቀ ቅርጽ በመካከል ይቀመጣል፤ ብረቱ ከበረደ በኋላ አሸዋው ተፈርፍሮ ይወጣል። ይህ የአሸዋ ቅርጽ ብረቱ ሳይበርድ ከተሰበረ ብሎኩ ይደፈናል፤ ከዘይቱ የሚወጣው ጋዝ መውጫ ካጣ በብረቱ ውስጥ የአየር ጕድጓድ ይሆናል፤ ግድግዳው በአንድ ወገን ከሳሳ ብሎኩ ይሰነጠቃል። የካሪያ ሰዎች ለሽመና መኪና ስስና ትክክለኛ ብረት ማፍሰስ የለመዱ ባለሙያዎች ነበሩ። ያም ሆኖ ብሎክ ላይ በብሎክ ላይ እየተበላሸ ተመልሶ ወደ ማቅለጫው ገባ። ብሎኩ ከውጭ ሲታይ ያማረ ሆኖ፥ በቶርኖ ሲላጭ ግን ውስጡ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ሆኖ ይገኝ ነበር።

በዚህ ጊዜ የሥራ ጓዶቹ ፊት ምን ይመስል እንደ ነበር መገመት አያስቸግርም። የፋብሪካው ፕሬዚዳንት የኪኢቺሮ እኅት ባል ሪሳቡሮ ቶዮዳ ነበር፤ እርሱም ለአውቶሞቢሉ ሥራ ብዙ አልቸኰለም። አያሌ ሠራተኞች የሚተዳደሩበት፥ በሽመና መኪና የሚያተርፍ ፋብሪካ ሳለ፥ ገንዘቡን በተሰነጠቀ ብረት ላይ ማፍሰስ ለብልኅ አስተዳዳሪ የሚያሰጋ ነገር ነው። ስለዚህ ክርክሩ በሞኝና በብልኅ መካከል አልነበረም፤ ሁለቱም እውነት የያዙ ሰዎች ነበሩ። በጃኑዋሪ 1934 ባለአክሲዮኖቹ ተሰብስበው አውቶሞቢል መሥራት ከኩባንያው ዓላማዎች አንዱ እንዲሆን ወሰኑ። ኪኢቺሮም የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቹንና ሊቃውንቱን እየዞረ ከመጠየቅ፥ ባልደረባውንም መሣሪያ እንዲገዛና ፋብሪካዎችን እንዲያይ ወደ አሜሪካ ከመላክ አልተቈጠበም።

በሴፕቴምበር 1934 የመጀመሪያው ሞተር ተነሣ። ሀ እንደ ማለት ዓይነት «ኤ» ተባለ። ልኩ እንደ ሸቭሮሌቱ 3.4 ሊትር ያህል ነበር። እንደ ካንዴላና እንደ ኤሌክትሪክ ዕቃ ያለውን ገና መሥራት ስላልቻሉ ከሸቭሮሌት ወሰዱት። ነገር ግን ኃይሉ ሲለካ ከተቀዳበት ሞተር አነሰ፤ ሸቭሮሌቱ 60 የፈረስ ጕልበት ሲሰጥ ይህኛው 50 እንኳ አልሞላም። ቅርጹ ያው፥ ልኩ ያው፥ ኃይሉ ግን ሌላ! እዚህ ላይ ኪኢቺሮ ከመቅዳት ወደ ማሰብ መሻገር ግድ ሆነበት። ቤንዚንና አየሩ ሲሊንደሩ ውስጥ እንዴት እንደሚገባና እንዴት እንደሚቃጠል ተመርምሮ፥ ቴስታታው እንደ ገና ተሣለና ተሠራ፤ ኃይሉም ከሸቭሮሌቱ በላይ ሆነ። እኔ እንደሚመስለኝ የጃፓኑ ሞተር የተወለደው መጀመሪያ በተነሣበት ቀን ሳይሆን በዚህ ጊዜ ነው። ምክንያቱም እስከዚያ ድረስ ሥራው የሌላ ሰው መልስ መገልበጥ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ግን ጥያቄውን ራሳቸው ያዙት።

በ1935 የመጀመሪያው የሙከራ አውቶሞቢል፥ በዚያው ዓመት መጨረሻም የጭነት መኪናው ታየ። የጭነት መኪናው ገና በመጀመሪያው ወራት በየመንገዱ ይቆም ነበር። ፋብሪካው ሠራተኞቹን እየላከ የተሰበረውን ያስጠግን፥ የተሰበረበትንም ምክንያት እያስመዘገበ ሥዕሉን ያሻሽል ጀመር። በኦገስት 1937 የአውቶሞቢሉ ሥራ ከሽመናው ተለይቶ ቶዮታ ተብሎ ራሱን የቻለ ኩባንያ ሆነ።

አሁን ወደ ሁለተኛው ሰው እንለፍ። ሶኢቺሮ ሆንዳ በ1906 በሃማማትሱ አጠገብ በምትገኝ መንደር ተወለደ። አባቱ አንጥረኛ ነበር፤ ብስክሌትም ይጠግን ነበር። ልጁ የአንደኛ ደረጃ ትምህርቱን እንደ ጨረሰ፥ በ1922 በ15 ዓመቱ ቶኪዮ ሄዶ በአንድ የአውቶሞቢል ጋራዥ ተቀጠረ። ወራት ያህል የተሰጠው ሥራ የጌታውን ሕፃን ማዘልና ወለል መጥረግ ነበር። በኋላ ግን መፍታትንና መግጠምን ተማረ፤ እጁም ተፈታ። በ1928 ጌታው አምኖበት በሃማማትሱ የጋራዡን ቅርንጫፍ አስከፈተው። ገበያው ደራ፤ ጥሩ መካኒክ የሚል ስምም አተረፈ። ይሁን እንጂ ጠጋኝ ሆኖ መኖር አላረካውም፤ መሥራት ፈለገ። የመረጠውም ከሞተር ሁሉ ትንሽ የሚመስለውን ዕቃ ነበር፤ ይኸውም መካኒኮቻችን ፋሻ የሚሉት የፒስቶን ቀለበት ነው።

ፋሻ በፒስቶኑ ወገብ ላይ በተቈረጠ ቦይ ውስጥ የሚገባ ቀጭን የብረት ቀለበት ነው። በእጃችን መዳፍ ላይ ብናስቀምጠው ከባድ ነገር አይመስለንም። ነገር ግን የታመቀው ጋዝ በፒስቶኑና በሲሊንደሩ መካከል እንዳያመልጥ የሚከለክል፥ ዘይቱን ከግድግዳው ላይ የሚጠርግ፥ የፒስቶኑንም ሙቀት ወደ ሲሊንደሩ የሚያስተላልፍ እርሱ ነው። ይህን ሁሉ የሚሠራው በሴኮንድ 50 ጊዜ ከግድግዳው ጋር እየታሸ ነው። በጣም ከጠነከረ ሲሊንደሩን ይፍቃል፤ በጣም ከለሰለሰ ራሱ ያልቃል፤ እንደ ምንጭር ብረት ካልተለጠጠም ጋዙን ያሳልፋል። ፋሻ ሲያልቅ መኪናው ሰማያዊ ጢስ እያጨሰ ዘይት እንደሚጠጣ ሁላችንም በጎዳና ላይ ያየነው ነው።

ሆንዳ ለእጁ የሚያቅተው ነገር ያለ አልመሰለውም። ቀን በጋራዡ፥ ሌሊት በማቅለጫው እየሠራ ብዙ ቀለበት አፈሰሰ። ያፈሰሰው ሁሉ እንደ ድንጋይ ደርቆ፥ ቢያጐብጡት እንደ ሸክላ የሚሰበር ሆነ። ለወራት ያህል ሞክሮ ሲያቅተው፥ የሠራውን ቀለበት ይዞ በሃማማትሱ ወደሚገኘው የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሄደና አስመረመረው። ሲሊኮን የሚባለው ንጥረ ነገር በብረቱ ውስጥ እንደ ጐደለ ነገሩት። ሲሊኮን በቀለጠው ብረት ውስጥ በበቂ መጠን ሲኖር በብረቱ ውስጥ ያለው ካርቦን ግራፋይት ሆኖ ይለያል፤ ብረቱም ለስለስ ይላል፤ ሲጐድል ግን ብረቱ ነጭ፥ ደረቅና ተሰባሪ ይሆናል። ይህን በእጅ ዳስሶ፥ በዓይንም አይቶ ማወቅ አይቻልም።

ሆንዳ ዕድሜው 30 ሆኖ፥ የራሱ ጋራዥ፥ ሠራተኞችና ስም ያለው ሰው ሳለ፥ በ1937 በዚያ ትምህርት ቤት ከወጣቶች መካከል ተቀምጦ ይማር ጀመር። ፈተና መፈተንን ግን እምቢ አለ፤ የሚፈልገው ስለ ብረት ማወቅ እንጂ ዲፕሎማ አልነበረም። በዚህም ምክንያት ትምህርት ቤቱ አሰናበተው፤ እርሱ ግን እየተመላለሰ መስማቱን አልተወም። በመጨረሻ ቀለበቱ ተሠራና ለቶዮታ አቀረበ። ቶዮታ ከመጣው መካከል 50 መርጦ ሲመረምር መስፈርቱን ያለፉት 3 ብቻ ሆኑ። እንግዲህ ሁለቱ ጀማሪዎች የተገናኙት እዚህ ላይ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ብሎኩ ሲሰነጠቅበት የነበረው ፋብሪካ፥ አሁን የሌላውን ጀማሪ ሥራ መዝኖ «አይበቃም» ለማለት በቅቶ ነበር። ሆንዳም በዚህ አልተቀየመም። በየዩኒቨርሲቲውና በየብረት ፋብሪካው እየዞረ ሁለት ዓመት ያህል ሲጠይቅና ሲያሻሽል ቈየ፤ በኋላም ቶካይ ሴይኪ በተባለው ፋብሪካው ለቶዮታ የሚሆን ፋሻ በብዛት አቀረበ።

ጦርነቱ ሲያበቃ ሆንዳ የፋብሪካውን ድርሻ ለቶዮዳ የሽመና መኪና ፋብሪካ በ450,000 የን ሸጠ። በ1946 የጦር ሠራዊቱ ለራዲዮ ኤሌክትሪክ ማመንጫ ያሠራቸውን 500 ትናንሽ ሞተሮች አግኝቶ ከብስክሌት ጋር እያያዘ ይሸጥ ጀመር። ሞተሮቹ ሲያልቁበት በ1947 የራሱን ሞተር ሠራ። የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ለገበያ ያቀረበው ግን በ1963 ነው። በቶኪዮ ጋራዥ ሕፃን ካዘለበት ዓመት እስከዚያ ድረስ 41 ዓመታት ተቈጥረዋል። ኪኢቺሮ ቶዮዳ በበኩሉ በ1950 ኩባንያው በዕዳ ተይዞ ሠራተኞች ባሰናበተ ጊዜ ኀላፊነቱን ወስዶ ከሥልጣኑ ወረደ፤ በ1952ም በ57 ዓመቱ ዐረፈ። የጀመረው ሥራ በዓለም ላይ ሲስፋፋ አላየም።

ክቡራን አድማጮች፤ ኪኢቺሮ በሽመናው ፋብሪካ ማዕዘን ትንሿን ሞተር በሚያሠራበት ወራት፥ በ1931፥ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ጃፓንን ጐብኝተዋል። ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በሚለው መጽሐፋቸው ጽፈው በ1924 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር አሳትመዋል። ከዚያ ወዲህ «ጃፓን እንዴት ሠለጠነች?» የሚለው ጥያቄ በአገራችን ተማሪዎች ዘንድ ሲመላለስ ኖሯል። መልሱንም አንዳንዱ በሕግ፥ አንዳንዱ በትምህርት ቤት፥ አንዳንዱ በጦር ሠራዊት ፈልጎታል። ሁሉም ድርሻ ይኖረዋል። ነገር ግን ከመልሱ አንዱ ክፍል በዚያ የፋብሪካ ማዕዘን ተበላሽቶ በተከመረው ብረት ውስጥ ይገኛል።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶቻችን። በሞተር ሥራ ግን ከመጠምጠም በኋላም መማር እንዳለ አየን። ኪኢቺሮ ጠምጥሞ ነበር፤ ዲግሪው በእጁ ነበር፤ የአሸዋው ቅርጽ ሲሰበር ግን ዲግሪው አላዳነውም፤ ከአቅላጮቹ ጋር ከማቅለጫው ፊት መቆም ነበረበት። ሆንዳ ደግሞ እጀ ብልኅ ነበር፤ ሲሊኮን ሲጐድል ግን እጁ አላዳነውም፤ ከመምህር ፊት መቀመጥ ነበረበት። አንዱ ከመጽሐፍ ወደ ምድጃ ወረደ፤ አንዱ ከምድጃ ወደ መጽሐፍ ወጣ። ሞተር የተገኘው ሁለቱ በተገናኙበት ቦታ ነው። እንግዲህ የተማረው ሰው ምድጃውን በናቀበት፥ ባለ ምድጃውም ትምህርት ቤቱን በፈራበት አገር ይህ መገናኘት ከቶ እንዴት ሊሆን ይችላል?

ይህ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር፥ ሠራተኛን በሥራው እየሰደቡ ማዋረድን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ ያስፈለገው ነውሩ ስለ ነበረ ነው። ቀጥቃጩን ቡዳ እያለ፥ ሸማኔውንና ፋቂውንም በሥራቸው የሚሰድብ ሕዝብ ብረት የሚያውቀውን ሰው ከማኅበሩ ያርቃል፤ ከእርሱም ጋር ስለ ብረት የሚታወቀውን ሁሉ ያርቃል። ሶኢቺሮ ሆንዳም ሆነ ሳኪቺ ቶዮዳ በእኛ አገር ቢወለዱ ኖሮ በዚህ ስድብ ባላመለጡም ነበር።

በመጨረሻ አንድ ቃል ለእናንተ በየመሥሪያ ቤቱ በጀት ለምትመድቡ፥ መዝገብ ለምትይዙ፥ ፈቃድ ለምትፈርሙ ወገኖች ነው። ጀማሪ ሲሠራ ያበላሻል። ያበላሸውም ብረት በሒሳብ መዝገብ ላይ «ኪሣራ» ተብሎ ይጻፋል፤ ሒሳብ ሠራተኛውም ይህን በመጻፉ አይወቀስም፤ ደንቡ ነውና። ነገር ግን ኪሣራ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ስለ ምን እንደ ተሰበረ ሳይጠየቅ የተጣለ ብረት እውነተኛ ኪሣራ ነው። ተሰንጥቆ፥ ስንጥቁ ተመርምሮ፥ ምክንያቱም ተጽፎ ወደ ማቅለጫው የተመለሰ ብረት ግን የትምህርት ቤት ክፍያ ነው። ስለዚህ አንድ ወጣት የተበላሸ ሥራ ይዞ ከጠረጴዛችሁ ፊት በቆመ ጊዜ፥ «ስንት አጠፋህ?» ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት «ምን ተማርክበት?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካለው ሌላ ብረት ስጡት።